ሴኩሪቲ ፕላስን እንዳልፍ ለረዱኝ መምህር ምስጋና፣ ለምትዘጋጁም ጥቆማ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ በተለይም የኮምፒዩተር ደኅንነት ሙያ ሰርተፊኬት ለሚያስገኘው ለሴኩሪቲ ፕላስ ፈተና እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሐሙስ ፈተናውን በ781 ነጥብ አልፌአለሁ፤ ማለፊያው 750 ነው። ለዚህ ያበቁኝን መምህር በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

እሳቸውን ያገኘሁት ብዙ ከተጉላላሁ በኋላ ነው። ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ ማሠልጠኛ፣ በስድስት ሳምንት አሳልፎ ሥራ እንደሚያስገባኝ ቃል ገብቶ፣ ሌሊት ሌሊት በሆቴል እንግዳ መቀበያ ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ከተቀበለኝ በኋላ የሰጠኝ፣ ከፈተና ሾልኮ ወጣ የተባለ፣ መልሱ በቢጫ የተቀለመ የጥያቄ ክምር ነበር። ሸምድዱ ተባልን፣ ሸመደድን። ይህ በፈታኙ ድርጅት በኮምፕቲያ ደንብ የተከለከለ፣ የተገኘን ሰርተፊኬት እንኳ ሊያሰርዝ የሚችል መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። ከዚያም በላይ ጥያቄዎቹ ኮምፕቲያ በጁላይ 2024 የሻረው የቀድሞው ፈተና ነበሩ። ለፈተናው ብቻ ከ400 ዶላር በላይ ከፍዬ ገብቼ በ683 ነጥብ ወደቅሁ። ደጋግሜ ብደውል ስልክ አያነሡም፤ በመጨረሻ ያነሣችው ልጅ «በደንብ ስላላጠናሽ ነው» ብላ ዘጋችብኝ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ያለቀስኩትን እግዚአብሔር ያውቃል።

ከመምህሬ ጋር ያገናኘችኝ አብራኝ የምትሠራ እኅቴ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ስንገናኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ የወደቅሁበትን የውጤት ወረቀት ነበር። የተሳሳትኩባቸው ርዕሶች በወረቀቱ ላይ ተዘርዝረዋል፤ እኔ ግን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትኩት ወዲህ ዳግም አላየሁትም። ረጋ ብለው አነበቡትና አንድ የመለማመጃ ጥያቄ አውጥተው «ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ከዚያ ምን እንደሚጠይቅ በአማርኛ ንገሪኝ» አሉኝ። ቫይረስ ስለገባበት ኮምፒዩተር ነበር፤ ነገርኳቸው፣ መልሴም ቫይረሱን ማጽዳት ነበር። «ማጽዳቱ ልክ ነው፣ ነገር ግን የሚጠይቅሽ በመጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ነው፤ እያጸዳሽ ሳለ ወደ ሌሎቹ ቢዛመትስ?» አሉና ከሁሉ በፊት ኮምፒዩተሩ ከኔትወርኩ መለየት እንዳለበት አስረዱኝ። አራቱም ምርጫዎች ተገቢ ሥራዎች ነበሩ፤ እኔ ግን እንግሊዝኛውን እየሮጥኩ ሳነብ ያችን አንዲት ቃል እዘላት ነበር። ወራት ሙሉ ያሠቃየኝን ነገር በአንድ ጥያቄ አገኙት።

ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ጥያቄ በአማርኛ ሳልደግመው መልሱን እንዳላይ ከለከሉኝ። ሚስጥራዊ መልእክት በሁለት ቁልፍ፣ ማለትም ለማንም በሚሰጥ መቆለፊያና ባለቤቱ ብቻ በሚይዘው መክፈቻ፣ እንዴት እንደሚላክ ፈጽሞ አልገባኝ ሲልም «የቤተ ክርስቲያኑን ሙዳየ ምጽዋት አስቢ፤ ማንም አልፎ ሂያጅ ይጨምርበታል፣ ከፍቶ የሚያወጣው ግን ቁልፉ በእጁ ያለ ብቻ ነው» አሉኝ። ከጀርባው ያለውን ሒሳብ ዛሬም አላውቀውም፤ ጥያቄው ሲመጣ ግን የታየኝ ያ ሣጥን ነበር።

የሌሊት ተረኛ መሆኔን ሲሰሙ፣ የራሳቸው ሥራና ልጆች እያሏቸው፣ ከሥራ በምወጣበት ሰዓት ንጋት 12 ሰዓት ላይ አምስት ሳምንት ሙሉ በዙም አስተምረውኛል። አንድም ቀን አልቀሩም። ስለ ክፍያ ሳነሣ «መጀመሪያ የፈተናውን ክፈይ፣ የእኔ ይቆያል» ነበር መልሳቸው።

በ90 ደቂቃ እስከ 90 ጥያቄ በሚቀርብበት በዚህ ፈተና፣ መጀመሪያ ላይ የሚመጡት በተግባር ሠርታችሁ የምታሳዩአቸው ጥያቄዎች ጊዜ እንደሚበሉ፣ ስለዚህ ምልክት አድርጌ አልፌያቸው በመጨረሻ እንድመለስባቸው የመከሩኝም እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ፈተናዬ 35 ደቂቃ የጨረስኩት እዚያው ላይ ነበር።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለብዙ የሳይበር የሥራ መደቦች ስለሚቀበለው፣ በዚህ አካባቢ ይህን ሰርተፊኬት የሚፈልገው ወገናችን ብዙ ነው። እባካችሁ፣ በላባችሁ ያገኛችሁትን ገንዘብ ሽምደዳ ለሚሸጥ አትስጡ። እንደዚህ ያለ መምህር እያለ እኔ የተንገላታሁትን ማንም እንዲንገላታ አልፈልግም። መምህሬ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ፣ መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የወደቃችሁበት ወረቀት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።