መጦሪያ ቤት ወይስ የቤት አስታማሚ? ለሁለቱም ከፍዬ ያየሁት ንጽጽር

ከደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ እናቴ የነበረችበት የባሕር ዳሩ መጦሪያ ቤት በወር ስንት እንደሚያስከፍል ደጋግመው ይጠይቁኛል። ዋጋውን ብቻ ነግሬ ስልኩን ብዘጋ አሳስታቸዋለሁ ብዬ ስለምሰጋ፣ ለሰባት ወር የከፈልኩበትን መጦሪያ ቤትና ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታችን አስታማሚ ቀጥሬ የማወጣውን ወጪ እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። እኔ የማደላው ለቤት አስታማሚ መሆኑን አልደብቅም። መቄዶንያን የመሳሰሉ የበጎ አድራጎት ማዕከላት የተቋቋሙት ጧሪ ላጡ ሰዎች ስለሆነ፣ ልጆች ያሉት ሰው የእነሱን አልጋ መሻማት ስለሌለበት በዚህ ንጽጽር ውስጥ አላስገባኋቸውም።

እናቴ 81 ዓመቷ ነው፤ ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ስላሰነፈው ያለ ረዳት ከአልጋ አትነሣም፤ አእምሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው። ሁኔታዋ ከዚህ የተለየ ሰው ያለበት ቤተሰብ ቀጥሎ ያለውን ሒሳብ ለራሱ አስተካክሎ ያንብበው።

መጦሪያ ቤቱ በስልክ የነገረን ወርኃዊ ክፍያ 12,000 ብር ነበር። ስንገባ 5,000 ብር መያዣ ተጠየቅን። ዳይፐር ለብቻው እንደሚታሰብ የታወቀው በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ነው፤ በቀን ሦስት፣ አንዱ በ70 ብር፣ በወር 6,300 ብር ማለት ነው። ለልብስ እጥበት 800 ብር፣ «ልዩ ክትትልና የአየር ፍራሽ» (የአልጋ ቁስልን ለመከላከል በኤሌክትሪክ መንፊያ የሚነፋ ፍራሽ) ለተባለው ደግሞ 1,500 ብር ተጨመረና ክፍያው 20,600 ብር ደረሰ። በወር ሁለት ጊዜ ለጥየቃ ስመላለስ የማወጣውን የትራንስፖርትና የምሳ 2,400 ብር ስደምርበት እውነተኛው ወጪ 23,000 ብር ሆነ። መድኃኒቷን የምንገዛው እኛው ነን።

በቤት ውስጥ ለቀንዋ አስታማሚ ደመወዝ 7,000 ብር፣ ለምግቧ በግምት 3,500 ብር፣ ሌሊት ለምታግዛት ሁለተኛ ሴት 4,500 ብር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ነርስ በአራት ጉብኝት 2,000 ብር፣ ለሌሊት ብቻ ለሚደረግ አንድ ዳይፐር በወር 2,100 ብር፣ በድምሩ 19,100 ብር ይወጣል። ልዩነቱ 3,900 ብር ብቻ ነው፤ የፍራሹና የተሽከርካሪ ወንበሩ መግዣ ሲታሰብ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ ያልቃል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ማስታመም በጣም ይረክሳል ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ወይ የሌሊቱን ረዳት ረስቷል፣ ወይ ያቺ ረዳት ያለ ደመወዝ የምትሠራ እኅት ናት።

በሁለቱ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ሌሊቱ ነው። በእኛ ጊዜ በመጦሪያ ቤቱ ውስጥ 14 አረጋውያን ነበሩ፤ ከእነዚህ 9ኙ ከአልጋ የማይነሡ ሲሆኑ ሌሊት የምታድረው ሠራተኛ አንዲት ነበረች። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይለወጣል። አንዱን አዙሮ፣ የረጠበውን ቀይሮ፣ ትራሱን አስተካክሎ ለመሄድ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ለዘጠኙ 90 ደቂቃ ይሄዳል፤ ከሁለት ሰዓቱ የሚተርፈው 30 ደቂቃ ነው፤ እሱም ማንም ካልተጣራ፣ ማንም ካልወደቀና ሠራተኛዋ ዓይኗን ካልከደነች ነው። ከባድ ሰው ለማዞር ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ ስናስብ ደግሞ ሒሳቡ ጨርሶ አይሠራም። በሠራተኛዋ አልፈርድም፤ የፈረድኩት ይህንን ሒሳብ ከመፈረሜ በፊት ባላሰላሁት በራሴ ላይ ነው።

ክትትል አለ ሲባል የሚታየው መዝገብ ነው። ቤቱ በየአልጋው ራስጌ የማገላበጫ መዝገብ ሰቅሏል፤ እኔም በመጀመሪያው ጉብኝቴ ይህንን አይቼ ልቤ አርፎ ተመለስኩ። በሦስተኛው ወር ሳልናገር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደረስኩና የዚያ ቀን ረድፍ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ሰው እጅ ተሞልቶ አገኘሁት። ብርድ ልብሱን ገልጬ ተረከዟን ስዳስሰው ከዙሪያው ይልቅ ይሞቅ ነበር፤ ከወገቧ በታችም አጥንቱ ጎላ በሚልበት ቦታ ቆዳው መላጥ ጀምሯል። በጠቆረ ቆዳ ላይ የመጀመሪያው መቅላት በዓይን አይለይምና፣ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ያልዳሰሰ ሰው ቁስሉን የሚያውቀው ከፈነዳ በኋላ ነው።

በወር 1,500 ብር የሚከፈልበት የአየር ፍራሽም መንፊያው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ሶኬቱ ላይ የሠራተኞች ስልክ ተሰክቶ ነበር። እናቴን ወደ ቤት ስንመልሳት በተራችን የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ተመሳሳይ ፍራሽ በ8,500 ብር ገዛን። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ምርት ስም ቢኖርም መንፊያው ላይ ግን ምንም ስም አልነበረም። በሁለተኛው ወር ግማሹ ቱቦ መነፋት አቆመ። የሬዲዮ ጠጋኝ ሲከፍተው አየሩን የሚገፋው ስስ ጎማ ተቀዷል፤ በ600 ብር ሌላ ጎማ ቆርጦ ገጠመልን፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተቀደደ። ጎማው በደህና ጊዜውም ቢሆን መብራት በጠፋ ቁጥር ፍራሹ ቀስ በቀስ ይተነፍስና እናቴ በጠንካራው የአልጋ ርብራብ ላይ ትቀራለች። አሁን ያለችው በ6,500 ብር በተገዛ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው፤ ከባቷ ሥር ትራስ ይደረግና ተረከዞቿ ከፍራሹ ተነሥተው ያድራሉ። ጎን የምትለውጥላት የሌሊቷ ሴት መብራት ቢጠፋም አትቋረጥም። በተደጋጋሚ መብራት በሚጠፋበት ከተማ የአየር ፍራሽ ለመግዛት የሚያስብ ሰው መብራት ሲጠፋ አየሩን የሚይዝ መዝጊያ እንዳለው ሳያረጋግጥ ገንዘቡን አያውጣ።

ስለ ዳይፐርም ጥቂት ልበል። መጦሪያ ቤቱ በቀን ሦስት ያስፈለገው እናቴ ሽንቷን መቆጣጠር ስላቃታት አልነበረም፤ ፖፖ የሚያቀርብላት ሰው ስላልነበረ ነው። እሷም አስቸገርኩ ብላ ውኃ መጠጣት ቀንሳ ነበር፤ ይህ በአረጋውያን ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፣ ኢንፌክሽኑም ደህና የነበረን ሰው በአንድ ሌሊት ሊያቃዠው ይችላል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዳይፐር እየተወደደ ስለሄደ አስመስለው የተሠሩት በዝተዋል፤ እኔ አንዱን ከፍቼ አንድ ብርጭቆ ውኃ አፈስስበታለሁ፣ በመዳፌ ስጫነው ውኃው ከተመለሰ እሽጉን ለባለ ሱቁ እመልሳለሁ።

በምግብ በኩል መጦሪያ ቤቱን የምወቅሰው በከፊል ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ለሁሉም ሽሮና ምስር ያቀርብ ነበር፤ ቁስል ያለበት ሰው ግን ቁስሉ እንዲድን እንቁላልና ወተት ይረዱታል። እናቴ ሠራተኛ ብትለምናት በጾም ወተት አትቀምስም። ቤት ከመጣች በኋላ የንስሐ አባቷ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ለሕመምተኛ እንደሚፈቀድ ሲነግሯት ያለ ክርክር ጠጣች። ይህን አገልግሎት በወር 23,000 ብርም አላገኘነውም።

የቤት አስታማሚም የራሷ አደጋ አላት። በሩ ተዘግቶ ከእናት ጋር ብቻዋን የምትውል ሴት ምን እንደምታደርግ ማንም አያይም፤ የመጀመሪያዋ አስታማሚያችን ለፋሲካ ብላ ሄዳ ሳትመለስ ቀርታለች፤ ለደላላ የከፈልነው 1,000 ብርም አብሮ ሄደ። ሁለተኛዋን ያለ ደላላ፣ በታወቀ ዋስ፣ ደመወዟና የዕረፍት ቀኗ በተጻፈ ውል ቀጠርናት። ቁጥጥሩን የሚሠራልን ግን ቡናው ነው፤ የእናቴ የእድር ባልንጀሮች ሳይጠሩ ለቡና ይመጣሉ፣ ሲስሟት ሽታዋን ያውቃሉ፣ ጥፍሯንም ያያሉ። ነርሱ በሳምንት አንድ ጊዜ ተረከዟንና ዳሌዋን ዳስሶ የደም ግፊቷን ይለካል፤ የደም ግፊት መድኃኒቷ አምሎዲፒን ስንት እንደቀረም ይቆጥራል። ባሕር ዳር እያለች መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ ለ19 ቀናት ያለችበትን ሳናውቅ ቆይተናል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ግን መንገድ ቢዘጋም ጎረቤት በእግሩ ይደርሳል።

ወጪውን ከወንድሞቼ ጋር ስንካፈል የተከራከርንበትን ለሚጠይቁኝ፣ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ልጆች ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ መጠኑም በተቀላቢው ችግርና በሰጪው አቅም ይመዘናል። እኛ ጉዳዩን በሽማግሌ ጨርሰነዋል።

ሌሊት ተነሥቶ መንገድ የሚወጣ የመርሳት ሕመምተኛ ያለበት ወይም በከተማው አንድም ዘመድ የሌለው ቤተሰብ መጦሪያ ቤት ቢመርጥ አልቃወምም። እንዲህ ያለው ሰው የግድግዳውን የንግድ ፈቃድ አይቶ አይመለስ፤ ፈቃዱ ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድር አይነግረውም። ሳይናገር ጎህ ሲቀድ ይሂድ፣ የመዝገቡን ቀለም ከሰዓቱ ጋር ያስተያይ፣ ቢያንስ የአንድ የቀድሞ ነዋሪ ቤተሰብ አግኝቶ ያነጋግር። ነዋሪው ሲወድቅ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚነገር፣ ሐኪም ቤት ማን እንደሚወስድ፣ ዳይፐር በዋጋው ውስጥ መኖሩና መያዣው በስንት ቀን እንደሚመለስ በውሉ ላይ ያስጽፍ። የእኛ ውል ስለ መጨረሻው አንድም ቃል አልነበረበትም፤ 5,000 ብራችን ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።