ዘር በጎታ ወይስ በጂን ባንክ?

ሰንዳፋ አካባቢ ነባር ገብስ ያለው ገበሬ ዘሩን የት ያቆይ?

ወጪ፦ ጎታ ጭቃና ጭድ ነው። ጂን ባንክ፣ ማለትም የዘር ማቆያ ተቋም፣ በደንብ የደረቀ ዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለማቆየት የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል።

አደጋ፦ ጎታን ነቀዝ ይገባዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ዘሩም ይበላል፤ ልጁ እየራበው ማን ይፈርድበታል? የአዲስ አበባው ጂን ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው እንዲህ ያለ ዘር እንዳይጠፋ ነው።

መላመድ፦ እዚህ ማሳው ይበልጣል። ከጎታ እየወጣ በየዓመቱ የሚዘራ ገብስ ውርጩንና በሽታውን እየተላመደ ይሄዳል። የቀዘቀዘው ባለበት ይቆያል። ጂን ባንኩን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ከጂን ባንኩ ጎን ለጎን ዘር በገበሬው ማሳ እንዲቆይ አጥብቀው ይሟገቱ ነበር።

መሬቱ የሚታረስ ከሆነ መዝራቱ ይሻላል። ለቤት ግንባታ ሊሸነሸን ከሆነ ግን ከመጨረሻው አዝመራ ላይ ዘሩ ለጂን ባንክ ይሰጥ።