ሜልበርን ውስጥ የእንጨት ጀልባ ላላችሁ ወይም ለማግኘት ለምታስቡ፣ ለጋሼ ትልቅ ምስጋና

ሰላም የሜልበርን ሀበሾች እንዴት ከረማችሁ፣ ጥሩ መካኒክ ማን አለ ጥሩ የቧንቧ ሰራተኛ ማን ያውቃል ሲባል ሁሌ እዚህ ጥቆማ አያለሁ እኔም ብዙ ተጠቅሜበታለሁ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው፣ የምጠቁማችሁ ደሞ የእንጨት ጀልባ አናጺ ነው። አዎ ጀልባ። ዊሊያምስታውን ውስጥ ከባህሩ ጥግ ትንሽ ወርክሾፕ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ አውስትራሊያዊ፣ በስሜ ጥሩኝ ቢሉንም እኛ አልሆነልንም፣ ልጆቼም እኔም ባለቤቴም ጋሼ ነው የምንላቸው እሳቸውም ለምደውታል። ስማቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህም ጋሼ እያልኩ እጽፋለሁ፣ ስልካቸውን የሚፈልግ ኢንቦክስ ያርገኝ እሰጠዋለሁ፣ ይሄን ፈቅደውልኛል።

ጀልባዋ እንዴት እኛ እጅ እንደገባች ባጭሩ ልንገራችሁ። ያራቪል ስንኖር ጎረቤታችን የነበሩ እናት ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሲሉ የሟች ባላቸውን ጀልባ ለባለቤቴ ሰጡት፣ ለማያውቀው ሰው ከምሸጠው ለናንተ ልጆች ይሁን ብለው። አራት ሜትር ከምናምን ናት፣ ምሰሶዋና መቅዘፊያዎቿ የጋራዡ ጣራ ስር ታስረው፣ ሸራዋ ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ። ጣውላዎቿ የጣራ ቆርቆሮ እንደሚደራረበው አንዱ የሌላውን ጠርዝ ትንሽ ይዞ ተደርድረው በመዳብ ምስማር ነው የተያያዙት፣ ይሄን አሰራር ክሊንከር ይሉታል። ባለቤቴ የባህር ዳር ልጅ ነው፣ ጣና ላይ ታንኳ እያየ ያደገ ሰው፣ ጀልባዋን ሲያያት ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው፣ እምቢ በል ብለውም አይሰማኝም ነበር።

ችግሩ የጋራዡ ጣራ ለብዙ አመት ያፈስ ነበርና ዝናቡ ከኋላዋ በኩል ሲንጠባጠብባት ኖሯል። መጀመሪያ የወሰድንበት አንድ የጀልባ ጥገና ቤት (ስሙን አልጠራም) አገላብጦ እንኳን ሳያያት በፋይበር ግላስ ከውጭ ሙሉ በሙሉ እንሸፍናታለን አዲስ ትሆናለች አለን፣ የጠየቀን ብር ደሞ አሮጌ መኪና ይገዛ ነበር። ተስፋ ቆርጠን ልንጥላት ስንል ነው የባለቤቴ የስራ ባልደረባ ዊሊያምስታውን ላሉት ሰውዬ አሳዩ ያለን።

ጋሼ ጀልባዋን ሲያዩ ስለ ብር አንድም ቃል አልተናገሩም። ወስፌ አወጡና ከፊት ጀምረው እያንዳንዱን ጣውላ ወጋ ወጋ፣ በመሮ እጀታ ኳ ኳ እያደረጉ ዞሯት፣ ደህናው እንጨት ጠንከር ያለ ድምጽ ይሰጣል፣ ኋላ ጥግ ጋ ሲደርሱ ግን ድምጹ ደፍ አለ፣ ወስፌውም ቅቤ ውስጥ የገባ ያህል ስምጥ አለ። እዛ ጋ በጠመኔ ከበቡ። እንዲህ እያሉ ጨርሰው ቀና አሉና ይሄ ይቀየራል፣ ይሄ ይቀየራል፣ እነዚህ ጎድኖች (ጣውላዎቹን ከውስጥ ደግፈው የሚይዙት የታጠፉ እንጨቶች) ተሰንጥቀዋል ይቀየራሉ፣ ሌላው ግን ከኔም ከናንተም በላይ ይኖራል አሉን። ፋይበር ግላስ የተባለውን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አስረዱን፣ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሁሌ ይንቀሳቀሳል፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ጀልባ ላይ ከላይ ድርቅ ያለ ነገር ከለበሰበት ውሎ አድሮ ይላቀቃል፣ ከስሩ የገባው ውሃ ደሞ መውጫ ያጣና ሳይታይ ውስጥ ውስጡን ያበሰብሳታል። ሌላም የገረመኝ ነገር፣ ጀልባ የሚያበሰብሰው የባህር ውሃ አይደለም የዝናብ ውሃ ነው አሉን፣ ጨው ያለበት ውሃ እንጨቱን ከሚያበሰብሰው ፈንገስ ይጠብቀዋል፣ የባህሩ ጠላት እንጨት የሚበላው ትል ነው፣ እሱ ደሞ ትሬለር ላይ የምታድር ጀልባን አያገኛትም።

ጣውላዎቿ ምን እንደሆኑ ያወቅነውም ያን ቀን ነው። ቀለሙን በትንሹ ፋቅ አርገው በመላጊያ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉ አንድ ደስ የሚል ጣፋጭ ሽታ ወርክሾፑን ሞላው፣ ትንሹ ልጄ ፍቅፋቂውን አንስቶ አፍንጫው ላይ ለጥፎ አልሰጥም አለ። ሁዎን ፓይን ነው አሉ፣ የታዝማኒያ ዛፍ። ዘይቱ ነው እንዲህ የሚሸተው፣ ያው ዘይት ነው ደሞ ከመበስበስም ከትልም የሚጠብቀው። ዛፉ በአመት አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው የሚወፍረው፣ ከሁለት ሺህ አመት በላይ የኖሩ ዛፎች አሉ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን እስረኞችን ሳራ ደሴት አጉረው ይሄን እንጨት ያስቆርጧቸው መርከብ ያሰሯቸው ነበር፣ ከ1822 እስከ 1833። አሁን የቆመ ዛፍ መቁረጥ የለም፣ ድሮ ወድቆ ወይ ውሃ ውስጥ ተቀብሮ የቀረውን እያወጡ ነው የሚጠቀሙት። እና ጋሼ ምን አደረጉ፣ አዲስ ሁዎን ፓይን ግዙ ብለው ትልቅ ሂሳብ ሊጽፉብን ሲችሉ፣ ከጣራቸው ስር ለአመታት ያስቀመጡትን ቁራጭ አውጥተው ለኛ የሚበቃውን ለኩ፣ ዋጋውንም ድሮ የገዙበትን ነው ያስከፈሉን። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ የምነግራችሁ።

ስራው ላይ ደሞ እንድናግዛቸው ፈቀዱልን፣ ይሄ ነው ከምንም በላይ ያስደሰተኝ። የመዳቡ ምስማር ብቻውን አይሰራም፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ከውጭ የምስማሩ ራስ ላይ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ በኩል ብቅ ባለው ጫፍ ላይ ትንሽ የመዳብ ቀለበት ያጠልቅና ትርፉን በጉጠት ቆርጦ በትንሿ መዶሻ ቀስ እያለ ቀጥቅጦ ያጠፈዋል፣ በሀይል ከመቱት ምስማሩ እንጨቱ ውስጥ ይታጠፋል። ትልቁ ልጄ አስራ አራት አመቱ ነው፣ ከስልኩ ላይ አይነሳም እያልን ስንጨቃጨቅ የነበረው ልጅ፣ ብረቱን የሚይዘው እሱ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሳል። ጋሼ ከውስጥ ኳ ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ቆም ብለው በጣታቸው ዳሰስ ያደርጉና ቀጣይ ይላሉ፣ እሱም ወደሚቀጥለው ምስማር ያዛውራል፣ እንዲህ እያሉ ሲሰሩ ይውላሉ፣ ብዙም አያወሩ ግን ተግባብተዋል።

ጎድን የቀየሩ ቀን ሁላችንም ሄድን። ስፖትድ ገም የሚባል የዚህ አገር ጠንካራ እንጨት ነው፣ ረጅም የጣውላ ሳጥን ውስጥ ከትተው ከታች ውሃ እያፈሉ በእንፋሎት ይቀቅሉታል፣ ደንቡ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሰአት ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ ያ ድርቅ ያለ እንጨት እንደፈለጉ ይታጠፋል ግን ጊዜ አይሰጥም፣ ሰከንዶች ነው፣ ባለቤቴ በወፍራም ጓንት ይዞ ይሮጣል፣ ጋሼ ጀልባዋ ውስጥ ቆመው በጉልበታቸው ተጭነው ወደ ቦታው ያስገቡታል፣ ልጁ በክላምፕ ያስራል፣ እኔ ደሞ የሳጥኑን በር እከፍታለሁ እዘጋለሁ። አንዱ ጎድን ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ጋሼ ምንም አላሉም፣ ለዚህ ብለው ትርፍ አዘጋጅተው ነበር፣ እሱንም ሂሳብ ውስጥ አላስገቡም።

አንድ ነገር ግን ለሁላችሁም ማለት የምፈልገው፣ አሮጌ ጀልባ ያላችሁ ቀለሙን ራሳችሁ በደረቁ እንዳትፍቁ። የድሮ ጀልባ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፣ ብናኙ ለህጻናት መርዝ ነው። ጋሼ ቀለም መላጥን ለኛ የተዉልን ብር እንዲቀንስልን ብለው ነው፣ ግን ቁጭ አርገው ነው ያስተማሩን፣ በውሃ የሚሰራውን የብርጭቆ ወረቀት እያረጠብን፣ ደህና ማስክ አርገን፣ ከስር ላስቲክ አንጥፈን፣ ትንሹ ልጅ ወርክሾፑ አጠገብ ድርሽ እንዳይል፣ ልብሳችንንም ለብቻ አጠብን።

ሂሳባቸው ደሞ ግልጽ ነው። በሰአት ነው የሚያስከፍሉት፣ ደብተር ላይ ዛሬ ይሄን ሰራሁ ይሄን ያህል ሰአት ብለው ይጽፋሉ፣ ሻይ የጠጡበትን ይቀንሳሉ፣ ከገመቱት በላይ ሊሄድ ሲል ቀድመው ይደውላሉ። መጨረሻ ላይ የከፈልነው የመጀመሪያው ቤት ከጠየቀን በጣም ያነሰ ነው፣ ጀልባዋ ደሞ ጀልባ ሆና ነው የተመለሰችልን።

ውሃ የነካች ቀን ገና እግሯን ስታስገባ ማፍሰስ ስትጀምር እኔ ደነገጥኩ ባለቤቴም እንደዛው። ጋሼ ግን ዝም ብላችሁ ተዋት አሉ፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ አስረዋት ውሃ ሞልቶባት አደረች፣ ለብዙ አመት የደረቀ ጣውላ ውሃ ጠጥቶ እስኪያብጥ ነው፣ ካበጠ በኋላ ራሱ ስንጥቁን ይዘጋዋል፣ እውነትም ከዛ በኋላ ባልዲው ብዙም ስራ የለውም። ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ ለጋሼ የጣናን ታንኳ ነገራቸው፣ የኛ ተቃራኒ ነው፣ ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ተጠቅመው ሲጨርሱ አውጥተው ማድረቅ ነው ያለባቸው፣ ያም ሆኖ እድሜው አጭር ነው በየጊዜው አዲስ ይታሰራል። ጋሼ ስራቸውን አቁመው ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ደንገሉ እንዴት ነው የሚታሰረው፣ ስንት ሰው ይጭናል፣ በምን ነው የሚቀዘፈው፣ ባለቤቴ በጠመኔ ወለሉ ላይ እየሳለ ሲያስረዳ አመሸ። ቀጥሎ ስንሄድ ፎቶ ይዘንላቸው ሄድን፣ አሁን ወርክሾፓቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ጨዋታቸውም አይጠገብም። ኩታ ቦት የሚባሉትን የዚህን ባህር ጀልባዎች ታሪክ ከሳቸው ነው የሰማሁት፣ የኩዊንስክሊፍ አሳ አጥማጆች ባራኩታ የሚባለውን አሳ ለመያዝ በነዚህ ጀልባዎች ከወደቡ አፍ ውጪ ይወጡ ነበር፣ ቀድሞ የተመለሰ ጥሩ ዋጋ ስለሚያገኝ ጀልባዎቹ ፈጣን ሆነው ነው የተሰሩት፣ አሁንም ሶሬንቶ ላይ ቅርሱን ጠብቀው ውድድር ያደርጉባቸዋል። ዶክላንድስ ሄዳችሁ አልማ ዶፔልን እዩም ብለውናል፣ በ1903 የተሰራች ባለ ሶስት ምሰሶ የእንጨት መርከብ ናት፣ በጎ ፈቃደኞች ናቸው ለአመታት ለፍተው ያደሷት፣ እጁን መፍታት የሚፈልግ ወጣት ካለ እንዲህ ያለ ቦታ ሄዶ ቢጠይቅ ይቀበሉታል ይላሉ። ታዝማኒያ ሆባርት ላይ ደሞ ከ1994 ጀምሮ ትልቅ የእንጨት ጀልባ ፌስቲቫል አለ፣ በየሁለት አመቱ በፌብሩዋሪ፣ እኛም ለሚቀጥለው መኪናችንን ጭነን በመርከብ ልንሄድ አስበናል፣ መርከቡ አሁን ከጂሎንግ ነው የሚነሳው።

ሸራ አያያዝም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፣ ለዚህ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም። ፖርት ፊሊፕ፣ ይሄ የሜልበርን ባህራችን፣ ሰፊ ነው ግን ጥልቀት የለውም፣ ስለዚህ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቁመታም ሆኖ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ በጋ ላይ ደሞ ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥል ውሎ በደቂቃዎች ውስጥ የደቡብ ንፋስ ሊገለብጠው ይችላል። የሳቸው ህግ፣ ሸራ ልቀንስ ይሆን ብለህ ካሰብክ ያኔውኑ ቀንስ፣ ከመውጣትህ በፊት የአየር ትንበያውን እይ፣ ላይፍ ጃኬት ያላደረገ ልጅ ጀልባዋን አይነካም። መንጃ ፈቃድ ለምትጠይቁኝ፣ እዚህ ቪክቶሪያ ሞተር ላለው ጀልባ ማሪን ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ በሸራ ብቻ ለሚሄድ አያስፈልግም፣ ግን ሳይማሩ መውጣት አይሞከርም።

እንግዲህ ለማን ነው የምጠቁመው። የእንጨት ጀልባ ላላችሁ፣ ወይም ጋምትሪ (ያገለገለ እቃ የሚሸጥበት ድረ ገጽ) ላይ ርካሽ አግኝታችሁ ልትገዙ ላሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጋሼን ይዛችሁ ሂዱ፣ በወስፌያቸው ወጋ ወጋ ያድርጉላችሁ፣ አትግዙ ካሉ አትግዙ። የፋይበር ግላስ ጀልባ አይነኩም። የሚቸኩል ሰውም ባይሄድ ይሻላል፣ አንድ ጀልባ ሳይጨርሱ ሌላ አይጀምሩም፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሰው ሁሉ ለበጋው ስለሚሯሯጥ ወረፋ አለ፣ ስለዚህ ብርዱ ሳይወጣ ተናገሯቸው። ቴክስት አይመልሱም፣ መደወል ነው ወይ ጠዋት ብቅ ማለት፣ ከፉትስክሬይ በባቡር ቅርብ ነው። ስትሄዱ ድፎ ዳቦ ያዙላቸው፣ የኔን በጣም ነው የሚወዱት፣ ቡና ግን ሀኪም ከልክሏቸዋል።

ጋሼ፣ ይሄን ልጄ እንደሚያነብልዎት ቃል ገብቶልኛል። ለጀልባዋም ለልጄም ስላደረጉት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅዎን ይባርከው፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።