የጀርመን የቤተሰብ ስም ጥናት በባሕር ዳር፦ ስለ አንድ የትርጉም ቤት ሥራ

የእኅቴ ባለቤት ጀርመናዊ ነው። የቤተሰብ ስሙ ብዙም የማይገኝ በመሆኑ፣ ልጆቻቸው ምንጩን እንዲያውቁ ብለን በጣና ዳር ለሚገኝ አንድ የትርጉም ቤት መረጃውን በአማርኛ አሰባስቦ እንዲያዘጋጅልን አዘዝን። ስለ ስሙ አመጣጥ የተጻፈው ክፍል እጅግ አርክቶኛል፤ ስሙ ቀድሞ እንደ ፖላንድኛ ያለ የስላቭ ቋንቋ ይነገርባቸው ከነበሩት የሰሜን ምሥራቅ ጀርመን መንደሮች የወጣ መሆኑን፣ የመጨረሻዋ ፊደልም (w) እንደማትነበብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1909 የጀርመን ቻንስለር (የመንግሥት መሪ) የነበሩትን የበርንሃርት ፎን ቢሎ (Bülow) ስም በምሳሌነት ጠቅሶ ያስረዳል። ሽፋኑ ላይ ግን የቤተሰቡን ስም በ«ቭ» ጨርሰው ስለ ጻፉት እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ ስታነብ አማቿ በአክብሮት አረማት።

የስታቲስቲክሱ ክፍል ከዚህ የከበደ እርማት ይሻል። የጀርመን የስም ሥርጭት ካርታዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከስልክ ማውጫ ሲሆን፣ አንድ መስመር የሚወክለው አንድን ሰው ሳይሆን ብዙውን ጊዜ መላውን ቤተሰብ ነው፤ ወረቀቱ ግን የመስመሮቹን ቁጥር «የሕዝብ ብዛት» ብሎታል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከ1945 በኋላ ከፖሜራኒያ (ዛሬ አብዛኛው በፖላንድ ከሚገኘው የባልቲክ ባሕር ዳርቻ) የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ምዕራብ በመስፈራቸው፣ ስሙ ዛሬ በብዛት የሚገኝበት ቦታ መነሻው ነው ማለት አይቻልም። ሽፋኑን በማግሥቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አርመው ሰጥተውናል፤ የስታቲስቲክሱ ሠንጠረዥ ግን እስካሁን አልታረመም።