ከዚራ ያለው የፕላን ማተሚያ ቤት፣ ከ3ኛ አመት ስቱዲዮ እስከ መጀመሪያ ስራዬ

አርክቴክቸር ምትማሩ ወይ ተመርቃችሁ ድሬ ስራ የጀመራችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡት። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ስለዚ ቤት ሳልጽፍ ይሄን ያህል መቆየቴ ራሱ ሲከነክነኝ ነበር። ቤቱ ድሬዳዋ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ በእግር ትንሽ ነው፣ የኒም ዛፎቹ ጥላ የጣሉበት መንገድ ላይ። ከውጪ ስታዩት ተራ ፎቶኮፒ ቤት ነው ሚመስለው፣ በሩ ላይ ጉርድ ፎቶ ምናምን ተለጥፏል፣ እኔም 2 አመት ሙሉ በሩ ላይ ሳልፍ አንድም ቀን ገባ ብዬ አላውቅም። ውስጥ ግን ባለ 36 ኢንች ፕሎተር፣ ማለት ትልልቅ ስዕል ማተሚያ ማሽን አለ፣ ኤ1 ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሱን እጥፍ ኤ0ም ያወጣል፣ ጀርባው ደሞ ሰፊ ጠረጴዛና መቁረጫ ያለበት ክፍል አለ፣ ሞዴል እዛ ቁጭ ብላችሁ መስራት ትችላላችሁ።

ግን እኔ ልጽፍ ያነሳሳኝ ማሽኑ አይደለም። እዛ ቤት ስራችሁን ከማተማቸው በፊት ያዩታል። በቃ ይሄ ነው ነገሩ።

3ኛ አመት ላይ የስቱዲዮ ፕሮጀክታችን ደቻቱ ወንዝ ዳር መጋላ ሰፈር በኩል ጥላ ያለው የገበያ ቦታ ዲዛይን ማድረግ ነበር። ድሬን ለማታውቁ፣ ደቻቱ አመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ላይ ደጋው ዘንቦ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የ1998ቱን የሌሊት ጎርፍ እቤታችን እስካሁን ሲነሳ ዝም ይባላል። ስለዚህ የኔ ሴክሽን ላይ፣ ማለት ህንፃው ተቆርጦ ውስጡ ከጎን በሚታይበት ስዕል ላይ፣ ዋናው ነገር ወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለና ውሃው ሲመጣ ነጋዴው እቃውን ይዞ በየት እንደሚወጣ ነበር፣ 3 ሳምንት የሰራሁት እሱን ነው። የጁሪው፣ ማለት ስራችንን ለገምጋሚዎች የምናቀርብበት ቀን ዋዜማ ማታ ሌላ ቦታ አሳተምኩ፣ የት እንደሆነ አልጠራም፣ ሰውየው ፋይሉን ከፍቶ ወረቀቱ ላይ ልክ እንዲገባ ብሎ አሳንሶ አወጣው፣ እኔም ስለመሸ ጠቅልዬ ሄድኩ። ጠዋት ከጁሪዎቹ አንዱ ስኬል ሩለር፣ ማለት ከስዕል ላይ የእውነቱን ልኬት ሚያነብ ማስመሪያ አውጥቶ ስዕሉ ላይ ያለው በር ላይ አስቀመጠ፣ 2.10 ሜትር ያልኩት በር 1.95 ሆነ። ከዛ በኋላ ስለ ጎርፉ ማንም አልጠየቀኝም፣ የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ልኬቱ ላይ አለቀ። ያን ቀን ወደ ዶርም ስመለስ ወረቀቱን አልጣልኩትም፣ እስካሁን አለኝ።

ከዛ አንድ ሲኒየር ነው ወደዚ ቤት የላከኝ። መጀመሪያ ቀን ፍላሼን ሰጥቼ እንደለመድኩት ስልኬን አወጣሁ፣ ፕሎተሩ ላይ ያለችው ልጅ ግን ጠራችኝ፣ "ዋሪያ፣ ና እስቲ እይ፣ ይሄ 1:50 ነው ያልከኝ? ስኬል ባርህ እንደዛ አይልም" አለችኝ። 1:50 ማለት ወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ የሆነው በእውኑ 50 ሴንቲ ነው፣ ስኬል ባር ደሞ ስዕሉ ስር ይሄን ሚያሳየው መስመር ነው። እውነቷን ነው፣ ስኬል ባሩን ከሌላ ሺት ኮፒ አድርጌው ነበር። እሷ አርክቴክቸር አልተማረችም፣ ግን ስንት አመት የሰው ፕላን እጇ ላይ ሲያልፍ አይታለች። መጀመሪያ ሁሌ አንድ ቁራጭ ኤ4 ላይ አውጥታ በማስመሪያ ትለካለች፣ ለዛች ቁራጭ አያስከፍሉም። መስመሮቹን ደሞ ታያለች፣ የተቆረጠው ግድግዳና ከኋላ ያለው የቤት እቃ አንድ አይነት ውፍረት ከሆነ "ይሄ ሁሉ ግድግዳ ነው እንዴ?" ብላ ትጠይቃለች። እኔ እዛ ነው የተቆረጠውን መስመር 0.5 ሚሊ፣ ሌላውን 0.18 እና 0.13 ማድረግ የለመድኩት፣ ክላስ ተነግሮኛል ግን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አውጥታ ያሳየችኝ እሷ ናት። አውቶካድ (የስዕል ሶፍትዌሩ) ላይ በቢጫና በሳያን ምትሰሩ ልጆች ሞኖክሮም ሲቲቢ፣ ማለት ሁሉንም መስመር በጥቁር ሚያትመውን ምርጫ፣ ሳትመርጡ እንዳትልኩ፣ ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ ያምራል እንጂ ነጭ ወረቀት ላይ ቢጫው መስመር የለም በሉት።

አንድ ሌላ ነገር፣ አማርኛ ጽሁፍ። የሕንፃ ፈቃድ ሺት ላይ የባለቤት ስም፣ ቀበሌ፣ ምናምን በአማርኛ ስትጽፉ የአውቶካድ የራሱ ፎንቶች ግዕዝ አያውቁም፣ አራት ማዕዘን ወይ የጥያቄ ምልክት ነው ሚወጣው። ኒያላ ወይ ኤብሪማ አድርጋችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ከዛ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል። ይሄን እዛ ቤት በሩ ላይ በእጅ ጽፈው ለጥፈውታል፣ ስንት ሰው ተቃጥሎበት እንደሆነ አስቡ።

አሁን ወደ ቴሲሴ ልምጣ፣ ይሄን ቤት ከልቤ የወደድኩት ያኔ ስለሆነ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ሐረር ጀጎል፣ ማለት በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነበር፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ፣ ግን አዲስ ግንባታ ሆኖ የጌይ ጋርን፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤትን አኗኗር የሚከተል። ጀጎልን ዩኔስኮ የመዘገበው እዛው 1998 ላይ ነው፣ እና እዛ ውስጥ ስትሰሩ ሁለት ፈተና አለ፣ አንዱ አሮጌውን አስመስሎ ቱሪስት ማሳያ ማድረግ፣ ሌላው ምንም እንዳላዩ ብሎኬትና መስታወት ማቆም። ጌይ ጋር ውስጥ ወንበር የለም፣ ወለሉ ራሱ ነው መቀመጫ፣ ነደባ ይሉታል፣ ከፍታቸው የተለያየ 5 ነደባዎች አሉ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በዛ ይታወቃል። ግድግዳው ላይ ትናንሽ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ፣ ስፌቱና ሳህኑ ደሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቤቱን ይሞላዋል። የነደባው ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ጦርነት ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ ሐረሮች። እኔ ይሄን ሁሉ 1:50 ሞዴል ላይ ላሳይ ፈለኩ፣ ጣራው ተነስቶ ውስጡ እንዲታይ።

ቀዩን ቀለም መጀመሪያ በወረቀት አትመን ለመለጠፍ ሞከርን፣ እና እዚ ላይ ስለ ቤቱ እውነቱን ልናገር፣ ቀለማቸው ጥሩ አይደለም። ቡኒና ቀይ አፈር የሚመስል ቀለም እነሱጋ ሮዝ ሆኖ ነው ሚወጣው። 3 ጊዜ ሞከርን፣ ለ2ቱ ገንዘብ አልተቀበሉኝም፣ ቢሆንም ሮዝ ነው። ባለቤትየው መጨረሻ ላይ "ለምን አፈሩን ራሱን አታመጣም?" አለኝ። እውነትም በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ሄጄ አንድ ፌስታል ቀይ አፈር ይዤ መጣሁ፣ በሻሽ ነፍተን ከኮላ ጋር ለውሰን ፎም ቦርዱ ላይ ቀባነው። ጀርባ ክፍላቸው ውስጥ 4 ቀን ነው የሰራሁት፣ የጠረጴዛ አልከፈልኩም፣ ማታ ሲዘጉ ሞዴሉን መደርደሪያ ላይ አውጥተው በላስቲክ ይሸፍኑልኝ ነበር።

ሞዴሉን ለጁሪ ከማቅረቤ በፊት ልኬት ስወስድ ቤታቸውን ለከፈቱልኝ ጀጎል ላሉ አንዲት እናት ላሳያቸው ፈለኩ። ከድሬ ሐረር 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን በሚኒባስ ሞዴል ጭን ላይ ይዞ ደንገጎን መውጣት ምን እንደሆነ ያደረገው ያውቀዋል፣ የማተሚያ ቤቱ ልጆች ካርቶኑን ከውስጥ በስፖንጅ ባይገጥሙልኝ ኖሮ ጠመዝማዛው ላይ ያልቅለት ነበር። እናትየዋ ጣራውን አንስቼ ሳሳያቸው ከላይ አላዩትም። ካርቶኑን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሳብ አድርገው ዝቅ ብለው በሞዴሉ በር በኩል በአንድ አይናቸው አዩ። ከዛ "ልጄ፣ ይሄ እንጨት ምን ይሰራል?" አሉኝ። ፎቁን እንዲሸከም መሃል ላይ ያቆምኩት ምሰሶ ነው። "አሚር ነደባ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚገባውን ማየት አለበት፣ አንተ ሸፈንከው" አሉኝ። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ነደባ ነው። እኔ 5 አመት ፕላን ከላይ ሳይ ነው የኖርኩት። እሳቸው በበሩ ነው የገቡት። ምሰሶውን ወደ ግድግዳው ለማስጠጋት ስትራክቸሩን እንዳለ መቀየር ነበረብኝ፣ ፕላኑን፣ ሁለቱን ሴክሽን፣ ሁሉንም እንደገና፣ ጁሪው ሊደርስ 6 ቀን ሲቀረው። ማተሚያ ቤቱ ያን ሳምንት በሰኔ ወረፋ ተጨናንቆ ነበር፣ ግን ሺቶቼን ጠዋት ሳይከፍቱ በፊት አወጡልኝ። ጁሪው ላይ ከሁሉም በላይ የተወራው ስለዛ እይታ ነው።

ስራ ስጀምር ነገሩ ሌላ ሆነ። አንድ አማካሪ ቢሮ ገባሁ፣ መጀመሪያ ወራት ላይ ዲዛይን ሚባል ነገር የለም፣ የበርና መስኮት ሰንጠረዥ፣ የሴፕቲክ ታንክ ዲቴል፣ የደረጃ ዲቴል። ይሄን ለማማረር አይደለም ምናገረው፣ ደረጃ 3 ጊዜ ከሳልኩ በኋላ ነው ደረጃ የገባኝ። ሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፣ ደንበኛ መጥቶ በምዕራብ በኩል ሙሉ መስታወት ይሁንልኝ ሲል። የከሰዓት ፀሀይ በሚያቃጥልበት ድሬ ላይ! ከዚራ ወጥቶ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ የተሰሩትን ቤቶች ቢያይ ወፍራም ግድግዳ፣ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ መልሱ ሁሉ እዛ ቆሟል። እኔ ይሄን መናገር አላቆምም።

የማተሚያው ነገር ስራ ላይ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሳቢያን በኩል ለምንሰራው ፎቅ የመስኮት ለውጥ ነበር፣ እኔ ኤ1 ላይ 1:50 ሰራሁት፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ፕሪንተር ኤ3 ስለሆነ በሱ አውጥተን ሳይት ላክን። ኤ1ን ወደ ኤ3 ስታወርዱት ሁሉም ነገር በግማሽ ያጥራል፣ 1:50 የነበረው 1:100 ይሆናል፣ ርዕሱ ስር ግን 1:50 እንደሚል ነው። አንዱ መስኮት ላይ ልኬት አልጻፍኩም ነበር። ፎርማኑ ከማዕዘኑ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለካው፣ 4 ሴንቲ አገኘ፣ በ1:50 አስልቶ 2 ሜትር አለ፣ መሆን የነበረበት 4 ነው። ብሎኬቱ ሶስት ረድፍ ከወጣ በኋላ ነው የደረስኩት። ፎርማኑ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡኝም፣ "አርክቴክት፣ እኔ ያነበብኩት አንተ የጻፍከውን ነው" ብቻ አሉኝ። አፈረስነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልኬት ያልጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ግን እዛ ማተሚያ ቤት ቢወጣ ኖሮ ልጅቷ ኤ3 ስትላት መጀመሪያ ምትጠይቀው ስኬሉን ቀይረኸዋል ወይ ነው፣ ይሄን በጭፍን ነው ምመሰክርላት። ከዛ ወዲህ ትንሹንም የሳይት ስዕል እዛ ነው ማሳትመው፣ ለፎርማኑ ደሞ ሁሌ ኤ1 እልካለሁ፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ አይናቸው ደክሟል።

ችግሮቹን ልዘርዝር። ዋጋቸው ከሌሎቹ ትንሽ ይወደዳል፣ ወረቀት ሲጨምር እነሱም ይጨምራሉ፣ ስለዚህ ባለፈው የከፈላችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። የቀለሙን ተናግሬያለሁ፣ ሬንደር፣ ማለት ባለ ቀለም የኮምፒውተር ምስል ከሆነ ሌላ ቦታ ውሰዱት። ቀን ሙቀቱ ሲጠና ይዘጋሉ፣ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ከሄዳችሁ እስከ 9 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ነው ምትቀመጡት፣ አርብ ደሞ ለጁምዓ ቀደም ብለው ይወጣሉ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ልጆች በዚ ሲናደዱ አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አላቸው ግን ፕሎተሩን ብቻ ነው ሚያነሳው፣ ቬንትሌተሩ አይሰራም፣ እና ያ ክፍል ያኔ አይቻልም። ሰኔ ላይ ወረፋው ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ከጁሪው 3 ቀን ቀድማችሁ ካልሄዳችሁ ባትሄዱ ይሻላል።

ሞዴሌን ከምረቃ በኋላ እዛ ነው የተውኩት፣ ዶርም ለቅቄ ቦታ ስላልነበረኝ ለጊዜው አስቀምጡልኝ ብዬ፣ አሁን መስኮቱ ጋር አውጥተውታል። ከሄዳችሁ ጣራውን ማንሳት ይቻላል፣ በቀስታ ግን፣ በሙቀቱ ኮላው ለቆ የጓዳው ግድግዳ ትንሽ ተነቃንቋል። ስታዩት ከላይ አትዩት፣ ዝቅ በሉና በበሩ በኩል እዩ።