ገብረ ክርስቶስ ወይስ እስክንድር?

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ሲወራ ሁለት ስም ይቀድማል። ሁለቱም ውጭ ተምረው መጡ፤ ያመጡት ግን ለየቅል ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመለሰ። ነገሩን በቁሙ ከመሣል ይልቅ በቀለምና በቅርጽ የሚገልጸው አብስትራክት ሥዕሉ ብዙዎችን ግራ አጋባ፤ የፈረንጅ ነው ብለው የተቹትም ነበሩ። እኔ በዚህ ትችት ፈጽሞ አልስማማም። «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕሉን እዩት። መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ደም የመሰለው ቀይ ነው። ስቅለትን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ያንን ቀይ ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። ገጣሚም ስለነበር ይሆናል፣ ትንሽ ብሎ ብዙ ያሰማል።

እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1966 መጣ። ፓሪስ ላይ ሕልም መሰል ምስሎችን የሚሥለውን ሱሪያሊዝምን ቀስሟል፤ የኩባው ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላም ሥራም ነክቶታል። የእሱ ሸራ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዓይኖች፣ ወፎች፣ ከብራና ክታብ የወጡ የጠልሰም ምልክቶች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። አንዱን ስትከተሉ ሌላው ይጠልፋችኋል። በኋላም ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል።

ምረጥ ብባል ወደ እስክንድር አደላለሁ። የደብተራውን ጥበብ ከዘመናዊው ጋር እንዲህ አዋሕዶ የሣለ ሌላ ሰው አላየሁም። ለጀማሪ ግን ገብረ ክርስቶስን አስቀድማለሁ፤ ቀለሙ ቶሎ ልብ ይገባል።