«የክርን ማግኔት» ብላችሁ 3,800 ብር እንዳትልኩ

ቲክቶክ ላይ የምትዞረውን ጥቁር የክርን ማሰሪያ አይታችኋት ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ክርናቸውን ይዘው ያቃስታሉ፣ ማሰሪያዋን ያጠልቃሉ፣ ወዲያው ሙሉ ጀሪካን ብድግ አድርገው ይስቃሉ። «የጀርመን ማግኔትና መዳብ፣ በ10 ቀን ክርንዎ እንደ አዲስ!» እኔ 3,800 ብሬን በቴሌብር ልኬ ገዝቻታለሁ። እናንተ ሳትልኩ ይህን አንብቡ።

ቀለም ቀቢ ነኝ። ክንድ የሚበላው ቀለሙ ሳይሆን ስቱኮው ነው። አራት የኮንዶሚኒየም ቤት በላይ በላዩ ስቱኮ ስቀባ ከረምኩና አንድ ጠዋት የሻይ ማንቆርቆሪያ ላነሳ ብል፣ ከክርኔ በውጭ በኩል ካለችው የአጥንት ጉብታ እሳት የመሰለ ነገር ተነስቶ ወደ እጄ አንጓ ወረደ። ባለቤቴ በግራ እጇ ባትደርስልኝ ማንቆርቆሪያው እግሬ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በር መክፈት፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ ሰው መጨበጥ ሁሉ ፈተና ሆነ።

ለሻጩ በቴሌግራም ጻፍኩ። «አይዞህ ወንድሜ፣ 4,500 ነበር፣ ላንተ ብዬ 3,800» አለኝ። ሱቃችሁ የት ነው? «ኦንላይን ብቻ ነን።» ደረሰኝስ? «ዕቃው ውስጥ አለ።» ሞተረኛው ያመጣው ካርቶን ውስጥ ደረሰኝ የለም። ያለው በቻይንኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው፤ ጀርመን የሚል ቃል የትም የለበትም። እዚያው መንቃት ነበረብኝ፣ ግን የታመመ ሰው ተስፋውን አይመረምርም።

«ሌሊትም እንዳታወልቃት፣ ማግኔቱ የሚሠራው ስትተኛ ነው» ተብዬ አጥብቄ አስሬ እተኛ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ደነዘዙ። ጻፍኩለት። መልሱን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ደምህ መዘዋወር ጀምሯል ማለት ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥል።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ መልስ ነው። ክርናችሁን የጠረጴዛ ጠርዝ ሲመታው ኤሌክትሪክ እንደያዘው እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝራችሁ ነገር አለ አይደል? እሱ ነርቭ ነው። ከክርን ውስጠኛ ጉብታ ጀርባ ከቆዳ ሥር ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ጡንቻም ስብም አይሸፍነው። ክርንን አጥፎ፣ በላዩም አጥብቆ አስሮ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ያንን ነርቭ መጭመቅ ነው። ማሰሪያዋን ካወለቅኩ በኋላ ጣቶቼ እስኪመለሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ናት። «ጋሼ፣ ይቺን ወንበር ክንድዎን ዘርግተው፣ መዳፍዎን ወደ መሬት አድርገው በአንድ እጅ ያንሱልኝ» አለችኝ። አልቻልኩም። ራጅ እንኳ ሳያስፈልግ ነገሩ ገባት። ክርኔ ላይ የሚገናኙት ሦስቱ አጥንቶችም መገጣጠሚያውም ደህና ናቸው አለች። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች በጅማት ተጠምደው የሚጀምሩት ከዚያች ከውጭዋ ጉብታ ነው። ከነሱ አንዱ ጅማት ነው ያለቀው። ማንኛውንም ዕቃ ስንጨብጥ አንጓችን እንዳይታጠፍ የሚይዙት እነዚሁ ጡንቻዎች ስለሆኑ፣ ማንቆርቆሪያ ስናነሳ ክርን ያመናል። ስሙ ቴኒስ ኤልቦው (የቴኒስ ክርን) ነው፣ በአብዛኛው የሚይዘው ግን ራኬት ነክተን የማናውቀውን ሰዎች ነው! ከ100 ጎልማሶች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን ያገኛል፣ ይበልጥ ደግሞ ከ35 እስከ 55 ዓመት ያሉትን።

አሁን የሻጮቹን ምስጢር ስሙ። ይህ ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በራሱ ይሻለዋል። ስለዚህ ከቪዲዮው ሥር «ተሻለኝ» የሚሉት ሁሉ ውሸታም ናቸው አልልም። ማግኔት ባያስሩም ይሻላቸው ነበር።

ቤት ገብቼ ስፌቷን በምላጭ ቀደድኩት። «ማግኔት» የተባለው የፍሪጅ በር ላይ እንዳለው ዓይነት ጥቁር ጎማ ነው። ሚስማር ሳስጠጋለት አንዱን ብቻ ያዘ፣ ጨርቁን መሃል ሳስገባ እሱንም ጣለው። መዳቡ ብርቱካናማ ክር ነው፣ በላብ ለቅቆ ሸሚዜን አበላሽቶታል። እውነተኛ ማግኔትና መዳብ ቢሆንም ደግሞ ይህን ሕመም እንደሚፈውስ የተረጋገጠ ነገር የለም።

የሚረዳ ማሰሪያ የለም አይደለም። እሱ ቀጭን ቀበቶ ነው፣ ከሚያመው ቦታ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ጡንቻው ላይ ይታሰራል፣ ሥራ ላይ ብቻ። እኔን ያዳነኝ ግን የራሴ መዶሻ ነው። ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ፣ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ፣ እጄን ከጠርዙ ውጭ አሳልፌ መዶሻውን በግራ እጄ እያገዝኩ አነሳለሁ፤ በቀኙ ብቻ ቀስ ብዬ አወርዳለሁ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየቀኑ። ማንቆርቆሪያውን ያለ ስጋት ለማንሳት ሦስት ወር ወሰደብኝ።

«ሦስት መርፌ በፓኬጅ፣ ቅድሚያ ክፍያ» የሚሏችሁም አሉ። የኮርቲዞን መርፌ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተአምር ይመስላል። ዓመት ሲሞላ ግን መርፌውን የተወጉት ካልተወጉት ብሰው እንደሚገኙ በጥናት ታይቷል። ለሦስቱም አስቀድማችሁ አትክፈሉ።

በጣም የሚያናድደኝ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገር ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ሲያነሳ ክርኑ ፊት ለፊት «ጧ» አለበትና የክንዱ ጡንቻ ወደ ትከሻው ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ጎበጠ። ያ የተበጠሰ ጅማት ነው፣ ኦፕራሲዮኑ የሚቀለው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው። እሱ ያንን ጊዜ ይህቺኑ ማሰሪያ አስሮ አሳለፈው። እንዲህ ከሆነባችሁ፣ ወይም በእጃችሁ ተደግፋችሁ ወድቃችሁ ክርናችሁ አልዘረጋ ካለ፣ ስልካችሁን አስቀምጡና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።

ገንዘቤን ስጠይቅ ሻጩ ብሎክ አደረገኝ። ባለፈው ሳምንት በልጄ ስልክ ስፈልገው ቻናሉ ስሙን ቀይሮ «የጉልበት ማግኔት» እየሸጠ አገኘሁት። ሽማግሌው ያው ናቸው፣ አሁን ጉልበታቸውን ይዘው ያቃስታሉ።